አንድ መስመር፣ ሺህ ደጆች፦ ድርብ መለያ ያለው ቪላን በብሮድባንድ አገልግሎት

በቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል፣ ላንድማርክ እየተባለ በሚጠራው ሰፈርና በዙሪያው፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በትልልቅ የአፓርትመንት ሕንፃዎች ውስጥ ይኖራሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.አ.አ. በ1965 ተከፍቶ በ2017 መጀመሪያ ከተዘጋው የገበያ ማዕከል ነው። የማዕከሉ ሕንፃ ከ2022 ጀምሮ ፈርሷል፤ በቦታውም ሆስፒታልን፣ መኖሪያ ቤቶችንና ሱቆችን የሚይዝ አዲስ መንደር እየተገነባ ነው። አዲስ ሕንፃ በተሠራ ቁጥር ከውኃና ከመብራት ጋር አብሮ የሚገባ ሌላ መስመር አለ፤ ኢንተርኔት።

በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉ። የሁሉም መልእክት፣ የልጆች የትምህርት ቤት ሥራ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ፣ የባንክ ሒሳብና የሐኪም ቀጠሮ፣ ከሕንፃው የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በጥቂት የፋይበር ክሮች ነው። ታዲያ በሌላው ጫፍ ያለው ራውተር፣ በዚያ አንድ ክር ከሚመጣው ጎርፍ መካከል የትኛው የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? የአንዱ ጎረቤት መልእክት ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል፣ የአንዱም ሒሳብ በሌላው ላይ እንዳይጻፍ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ከመልሶቹ አንዱ በመረብ ባለሙያዎች ዘንድ ኪው-ኢን-ኪው ወይም ድርብ መለያ ያለው ቪላን የሚባለው ዘዴ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘዴው ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ በራውተር ላይ እንዴት እንደሚዋቀርና ሲሳሳት ምን እንደሚያስከትል ያስረዳል።

ከኢተርኔት እስከ ቪላን

ዛሬ በየቤቱና በየቢሮው ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው ኢተርኔት እ.አ.አ. በ1973 በካሊፎርንያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ የተፀነሰ ቴክኖሎጂ ነው። መልእክት ፍሬም በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይላካል። በእያንዳንዱ ፍሬም ፊት የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ይጻፋል። ኢተርኔት የተፈጠረው ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለሚተዋወቁ መሣሪያዎች ነበር። አንዱ «ማን አለ?» ብሎ ሲጣራ ጥሪው ለሁሉም ይደርሳል። በአነስተኛ ቢሮ ውስጥ ይህ ችግር የለውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የማይተዋወቁ ሰዎች በሚገናኙበት መረብ ላይ ግን ጫጫታም አደጋም ይሆናል።

የዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ሥፍራ አለው። እ.አ.አ. በ1992 የተመሠረተውና በአካባቢው ያሉ የኢንተርኔት አቅራቢዎችን ያገናኘው ሜይ-ኢስት የተባለው መገናኛ፣ ስሙ መጀመሪያ «የከተማ አካባቢ ኢተርኔት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰደ ነበር። ለአንድ ቢሮ የተሠራው ኢተርኔት ከተማን ማገናኘት እንደሚችል ካሳዩት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ነው። ዛሬም ከላንድማርክ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የላውደን ካውንቲ፣ በተለይም አሽበርን፣ በዓለም ላይ የመረጃ ማዕከላት እጅግ ከተከማቹባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው።

ጫጫታውን የመከፋፈያው ሐሳብ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። በቤልኮር የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ሲንኮስኪ፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ትንሽ መለያ ቢለጠፍ አንዱን አካላዊ መረብ ወደ ብዙ ምናባዊ መረቦች መክፈል እንደሚቻል አሰቡ። መለያውን እንደ ቀለም መቁጠር ይቻላል። ቀይ ፍሬም ወደ ቀይ በር ብቻ ይገባል፤ ሰማያዊው ወደ ሰማያዊ። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ቢጓዙም አይተያዩም። ይህ ምናባዊ የአካባቢ መረብ በምኅጻር ቪላን ይባላል። 802.1ኪው የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.አ.አ. በ1998 ሲወጣ፣ የተለያዩ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት መለያ መነጋገር ጀመሩ።

መለያው ምን ይዟል?

መለያው በጠቅላላው 4 ባይት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የመለያውን ዓይነት ያመለክታሉ፤ ለተራው ቪላን በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ 8100 የሚል ቁጥር ይቀመጣል። ቀጥሎ 3 ቢት ለቅድሚያ ደረጃ ተሰጥቷል፤ ለምሳሌ የድምፅ ጥሪ ከፊልም ማውረድ ቀድሞ እንዲያልፍ የሚያደርገው ይህ ነው። 1 ቢት መስመሩ ሲጨናነቅ የትኛው ፍሬም ቀድሞ ሊጣል እንደሚችል ይጠቁማል። የቀሩት 12 ቢቶች የቪላኑን ቁጥር ይይዛሉ።

የችግሩ ሁሉ ሥር ያለው በእነዚህ 12 ቢቶች ላይ ነው። በ12 ቢት መጻፍ የሚቻለው 4,096 ቁጥር ብቻ ነው። 0 እና 4095 ለሌላ ጉዳይ የተያዙ በመሆናቸው ለሥራ የሚቀሩት 4,094 ናቸው። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለአንድ ባንክ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከተማን ለሚያገለግል የኢንተርኔት አቅራቢ ግን በጥቂት ሕንፃዎች ብቻ የሚያልቅ ቁጥር ነው።

ቀበሌና የቤት ቁጥር

መፍትሔው ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። «የቤት ቁጥር 215» ቢባል የትኛው ቤት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ 215 በየቀበሌው አለና። «ቀበሌ 07፣ የቤት ቁጥር 215» ሲባል ግን አንድ ቤት ብቻ ይቀራል። ቁጥሩ በየቀበሌው መደጋገሙ ችግር መሆኑ ያቆማል።

ድርብ መለያም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በፍሬሙ ላይ አስቀድሞ ካለው መለያ ፊት ሌላ መለያ ይጨመራል። የመጀመሪያው፣ ማለትም ውጫዊው፣ እንደ ቀበሌው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሕንፃውን ወይም የሰፈሩን ማከፋፈያ መሣሪያ ያመለክታል። ባለሙያዎች የአገልግሎት መለያ ይሉታል። ሁለተኛው፣ ውስጣዊው፣ እንደ ቤት ቁጥሩ ነው፤ የደንበኛውን መስመር ይነግራል፤ የደንበኛ መለያ ይባላል። ሁለቱ በአንድነት ሲቆጠሩ 4,094 በ4,094 ተባዝቶ 16,760,836 የተለያዩ ጥንዶች ይገኛሉ።

ይህንን አሠራር ያጸደቀው 802.1ኤዲ የተባለው ደረጃ እ.አ.አ. በ2005 የወጣ ሲሆን፣ ለውጫዊው መለያ የራሱ ዓይነት ቁጥር ሰጥቶታል፤ በሄክሳዴሲማል 88ኤ8። ከዚያ በፊት ግን የተለያዩ አምራቾች 8100ን ወይም 9100ን ለውጫዊው መለያ ይጠቀሙ ነበር። የዚህ ልዩነት ጣጣ ዛሬም ድረስ እንደቀጠለ ወደ ኋላ እንመለከታለን።

ከሳሎን እስከ ራውተሩ

በፋይበር የተገናኘ አንድ ቤት እንውሰድ። በግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ሣጥን ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ትለውጣለች። ከእርሷ የሚወጣው ክር ብርሃን በሚያከፋፍል መሣሪያ በኩል ከሌሎች፣ ለምሳሌ ከ31 ወይም ከ63 ጎረቤቶች ጋር ተቀላቅሎ በአቅራቢው ጣቢያ ወዳለ ማከፋፈያ ይገባል። ጂፖን በተባለው በስፋት በሚሠራበት ቴክኖሎጂ፣ ይህ የጋራ ክር ወደ ቤቶቹ በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ያህል፣ ከቤቶቹ ደግሞ ግማሹን ያህል ያስተላልፋል።

በተለመደው አሠራር የቤቱ ሣጥን ወይም ማከፋፈያው ውስጣዊውን መለያ ይለጥፋል። ማከፋፈያው ደግሞ ውጫዊውን ይጨምራል። ከዚያ ፍሬሙ በየስዊቹ ሲያልፍ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ስዊቾች የሚያነቡት ውጫዊውን መለያ ብቻ ነው። የፖስታ መኪና ነጂ የከተማውን ስም እንጂ የቤቱን ቁጥር ማንበብ እንደማያስፈልገው ሁሉ፣ እነርሱም የእያንዳንዱን ደንበኛ ጉዳይ ማወቅ አያሻቸውም። ሁለቱም መለያዎች ተነበው የሚወልቁት በመጨረሻው ጣቢያ፣ የብሮድባንድ መግቢያ በር በሆነው ትልቅ ራውተር ላይ ነው። ደንበኛው ማን እንደሆነ የሚረጋገጠው፣ የኢንተርኔት አድራሻ የሚሰጠው፣ የከፈለበት ፍጥነት የሚመደብለትና አጠቃቀሙ የሚመዘገበው እዚያ ነው።

የቴሌቪዥን ኬብል መስመርን የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ደንበኞችን የሚለዩት በሌላ ዘዴ ነው። ድርብ መለያ በዋነኛነት የሚሠራበት በፋይበር፣ በስልክ መስመር በሚመጣ ብሮድባንድና ለድርጅቶች በሚከራይ የኢተርኔት መስመር ላይ ነው።

ሁለት የአደረጃጀት መንገዶች

የዘርፉ አምራቾችና አቅራቢዎች የሚገኙበት የዲኤስኤል ፎረም እ.አ.አ. በ2006 ያወጣው ቲአር-101 የተባለ ሰነድ ሁለት መንገዶችን ለይቶ አስቀምጧል።

የመጀመሪያው «አንድ ለአንድ» ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ የሆነ ጥንድ ቁጥር ይኖረዋል። ራውተሩ ጥንዱን በማየት ብቻ መስመሩን ያውቃል፤ ጎረቤቶችም በአንድ ምናባዊ መረብ ውስጥ አይገናኙም። ጉዳቱ ብዙ ቁጥር መመዝገብና በጥንቃቄ መያዝ ማስፈለጉ ነው።

ሁለተኛው «ብዙ ለአንድ» ነው። በአንድ ማከፋፈያ ላይ ያሉ ደንበኞች ሁሉ አንድ ቪላን ይጋራሉ። ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው፣ ማከፋፈያው ደንበኛው አገልግሎት ሲጠይቅ በጥያቄው ላይ የመስመሩን ስም ጽፎ በመላኩ ነው። አደረጃጀቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት በቀጥታ እንዳይነጋገር የሚከለክል ተጨማሪ ጥበቃ በማከፋፈያው ላይ መኖር አለበት። ለብዙ ቤቶች በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ሥርጭት ብዙውን ጊዜ የሚላከው በዚህኛው መንገድ ነው፤ አንዱ ቅጂ ለሁሉም ይበቃልና።

በራውተሩ ላይ የሚከናወነው ማዋቀር

የሲስኮ፣ የጁኒፐር፣ የሁዋዌና የኖኪያ መሣሪያዎች የትእዛዝ ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ የሚያልፉባቸው ደረጃዎች ተመሳሳይ ናቸው።

1. የቁጥር ዕቅድ ማውጣት። ማንም ሰው የቁልፍ ሰሌዳ ከመንካቱ በፊት ቁጥሮቹ በሰነድ መደልደል አለባቸው። ለምሳሌ ውጫዊ መለያ 307 ለአንድ ሕንፃ፣ ከ101 እስከ 900 ያሉት ውስጣዊ መለያዎች ለመኖሪያ ቤቶቹ፣ ከ3001 በላይ ያሉት ለሕንፃው አስተዳደርና ለጥበቃ ካሜራዎች ሊሰጡ ይችላሉ። ለመስፋፊያ ክፍት ቦታ መተው ብልኅነት ነው። በኋላ ላይ ቁጥር መለወጥ ማለት በአንድ ጊዜ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በማከፋፈያው፣ በራውተሩና በደንበኞች መዝገብ ላይ መለወጥ ነው።

2. የመለያውን ዓይነት ማስማማት። ራውተሩና ከእርሱ ጋር የተገናኘው ስዊች ውጫዊውን መለያ 88ኤ8 ብለው ይጠሩት ወይስ 8100 ብለው፣ ሁለቱም በአንድ ቃል መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ራውተሩ ፍሬሙን የማያውቀው ነገር አድርጎ ይጥለዋል። የስሕተት መልእክት የሚያሳይ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ መስመሩ «በርቷል»፣ አገልግሎት ግን የለም።

3. የፍሬሙን መጠን ማስፋት። ተራ የኢተርኔት ፍሬም እስከ 1,518 ባይት ይደርሳል። አንድ መለያ ሲጨመር 1,522፣ ሁለት ሲሆኑ 1,526 ይሆናል። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ስዊች እንኳ ይህንን መጠን ካልፈቀደ ትልልቆቹ ፍሬሞች ይጠፋሉ። ፒፒፒኦኢ የተባለው የመግቢያ ዘዴ ሲሠራበት ደግሞ ከ1,500 ባይቱ የመልእክት ቦታ ላይ 8 ባይት ስለሚወስድ ለደንበኛው የሚቀረው 1,492 ነው።

4. ንዑስ ኢንተርፌስ መክፈት። በአንዱ አካላዊ ወደብ ላይ ብዙ ምናባዊ በሮች ይከፈታሉ። እያንዳንዱ በር «ውጫዊው 307፣ ውስጣዊው 512 የሆነውን ተቀበል» ተብሎ ሊታዘዝ ይችላል። ለድርጅት ደንበኛ ይህ ተገቢ ነው። ለስምንት መቶ ቤተሰቦች ግን ስምንት መቶ በር መጻፍ አድካሚ ስለሆነ፣ «ውጫዊው 307፣ ውስጣዊው ከ101 እስከ 900» ወይም «ውስጣዊው ማንኛውም» የሚል አንድ በር ይከፈታል። በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ትእዛዝ መስመር ይጻፋሉ። ሁዋዌ በደንበኞች መግቢያ ኢንተርፌስ ሥር የቁጥሮቹን ወሰን ያስቀምጣል። ጁኒፐር ደግሞ አስቀድሞ በተዘጋጀ ንድፍ መሠረት የመጀመሪያው ፍሬም ሲደርስ በሩን ራሱ እንዲፈጥር ያስችላል። ትንንሽ አቅራቢዎች በሚያዘወትሩት ማይክሮቲክ ላይ፣ በአንዱ ቪላን ላይ ሌላ ቪላን በመደረብ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል።

5. የመግቢያውን ዘዴ መምረጥ። በፒፒፒኦኢ ዘዴ የደንበኛው መሣሪያ «አገልግሎት የሚሰጥ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ራውተሩ «አለሁ» ይላል፤ መሣሪያው ይጠይቃል፤ ራውተሩ የውይይት ቁጥር ይሰጣል፤ ከዚያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጣራል። በአዲስ አበባ የስልክ መስመር ብሮድባንድ ያስገቡ ሰዎች በሞደሙ ላይ ስምና የይለፍ ቃል መሙላታቸውን ያስታውሳሉ፤ እርሱ ይህ ነው። በሌላው ዘዴ ደንበኛው ምንም አይሞላም፤ መሣሪያው አድራሻ ሲጠይቅ፣ የመለያው ጥንድ ራሱ ማንነቱን ይመሰክርለታል።

6. መስመሩን ከደንበኛው መዝገብ ጋር ማሰር። ራውተሩ ራዲየስ ለተባለው የማረጋገጫ አገልጋይ ጥያቄ ሲልክ፣ ፍሬሙ የመጣበትን ወደብና ሁለቱንም መለያ አብሮ ይልካል። አገልጋዩ «ይህ ስም ከ307 እና ከ512 ውጭ እንዳይገባ» ብሎ መከልከል ይችላል። በዚህ መንገድ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ከሌላ ቤት ሆኖ አይሠራም።

7. ገደብ ማስቀመጥ። በአንድ ጥንድ ስንት ውይይት፣ ስንት መሣሪያ እንደሚፈቀድ መወሰን ያስፈልጋል። አለዚያ የተበላሸ አንድ የቤት ራውተር በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ እየላከ የመላውን ሕንፃ አገልግሎት ሊያንቅ ይችላል።

8. ቅድሚያውን ማሻገር። የድምፅ ጥሪን ቅድሚያ የሚናገሩት 3 ቢቶች በውስጣዊው መለያ ላይ ተጽፈው ከሆነ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ስዊቾች ውስጡን ስለማያነቡ፣ ወደ ውጫዊው መለያ መገልበጥ አለባቸው።

በአራተኛው ደረጃ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት አንድ ነጥብ አለ። «ማንኛውም» ተብሎ የተከፈተ በር ገቢውን ይቀበላል፤ ነገር ግን ራውተሩ መልስ ሲልክ የትኛውን ውስጣዊ መለያ ይለጥፍ? ደንበኛው በመግቢያ ዘዴ ካለፈ መልሱ ቀላል ነው፤ ውይይቱ ሲጀመር ጥንዱ ተመዝግቧል። አድራሻው በእጅ የተሞላ ደንበኛ ከሆነ ግን ራውተሩ በየትኛው መለያ እንደሚፈልገው አያውቅም። ስለዚህ እንዲህ ላለው ደንበኛ ቁርጥ ያለ ቁጥር ያለው የራሱ በር መክፈት፣ ወይም ፍለጋው በወሰኑ ውስጥ ላሉ መለያዎች ሁሉ እንዲላክ መፍቀድ ይገባል። ሁለተኛው ምርጫ ራውተሩን ስለሚያደክም በጥንቃቄ የሚወሰድ ነው።

ሲሳሳት የሚታዩ ምልክቶች

መስመሩ በርቶ ሳለ ማንም መግባት ካልቻለ፣ አስቀድሞ መታየት ያለበት የመለያው ዓይነት መስማማቱ ነው። ቀጥሎም የሁለቱ ቁጥሮች ቦታ፤ ውጫዊው በውስጣዊው ሥፍራ መጻፉ የተለመደ ስሕተት ነው።

ትንንሽ ገጾች ተከፍተው ትልልቆቹ የሚንጠለጠሉ፣ የጽሑፍ መልእክት እያለፈ ከመሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው ምስጢራዊ መስመር የሚቋረጥ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በፍሬም መጠን ላይ መውደቅ አለበት። ደንበኛው «ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ግን አይሠራም» ብሎ የሚገልጸው ይህንን ነው።

ነባሮቹ ደንበኞች እየሠሩ በአዲስ የተጨመሩት ብቻ ካልገቡ፣ በራውተሩ ላይ የተጻፈው የቁጥር ወሰን አዲሶቹን አላካተተም ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ለሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ጥንድ መስጠት ነው። አገልግሎቱ ለሁለቱም ሊሠራ ስለሚችል ስሕተቱ ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ግን ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ምናባዊ መረብ ውስጥ ናቸው፤ የአንዱ አታሚ ወይም ካሜራ በሌላው ስልክ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ፍጥነታቸው ይጋራል፤ የአንዱ አጠቃቀም በሌላው ስም ሊመዘገብ ይችላል።

የደኅንነት ጉዳይም አለ። አንዳንድ ስዊቾች መለያ የሌለውን ፍሬም በነባሪ ወደ አንድ የታወቀ ቪላን ያስገባሉ። ክፉ አሳቢ ሰው ከራሱ ኮምፒውተር ሁለት መለያ ለጥፎ ቢልክ፣ የመጀመሪያው ስዊች ውጫዊውን ልጦ ውስጣዊውን እንዳለ በማሳለፍ ፍሬሙን ወዳልተፈቀደለት መረብ ሊያደርሰው ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ነባሪውን ቪላን ለደንበኛ አለመጠቀም፣ በደንበኛው በኩል ደግሞ መለያ ለጥፎ የሚመጣን ያልታዘዘ ፍሬም አለመቀበል።

ለነዋሪው ምን ይፈይድለታል?

ይህ ሁሉ የቴክኒሽያን ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የመስመሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ የገንዘብና የመብት ጥያቄም ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ማንነት ነው። ከአንድ መስመር ሕገ ወጥ ነገር ተፈጽሟል ተብሎ ሲጠየቅ፣ አቅራቢው የሚመለከተው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡም ያረፈው በመለያው ጥንድ ላይ ሊሆን ይችላል። የተዛባ ቁጥር ያልሠራውን ሰው ሊያስጠይቅ ይችላል። ቤት በሚቀያየርበት፣ ዘመድ ከዘመድ በሚጠጋበት የስደተኛ ሕይወት፣ መስመርን በስሙ ማዘዋወር ተራ ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። አሌክሳንድሪያ ቬራይዘን የፋይበር አገልግሎቱን ወደ አዳዲስ ከተሞች ማስፋፋቱን እ.አ.አ. በ2010 ሲያቆም ከቀሩት ከተሞች አንዷ ነበረች። ነዋሪዎቿ ለረዥም ዓመታት ከአንድ የኬብል ኩባንያ መስመርና ከአሮጌው የስልክ ሽቦ በቀር የረባ አማራጭ አልነበራቸውም። ከተማይቱ በ2021 ቲንግ ከተባለው ኩባንያ ጋር መስማማቷ በፋይበር የሚመጣ ተወዳዳሪ ለማስገባት ነበር። ፋይበሩ በጎዳና ላይ ማለፉ ብቻ ግን በአፓርትመንት ለሚኖር ሰው በቂ አይደለም፤ ወደ ሕንፃው መግባትና እስከ በሩ መድረስ አለበት። የፌዴራሉ የመገናኛዎች ኮሚሽን የሕንፃ ባለቤቶች ለአንድ ኩባንያ ብቻ በር የሚከፍቱባቸውን ውሎች በ2007 እና በ2008 ባወጣቸው ደንቦች ገድቧል፤ በየካቲት 2022 ደግሞ ሌሎች ተወዳዳሪዎችን የሚያርቁ አንዳንድ የገቢ ክፍፍል ውሎችን ከልክሏል።

ድርብ መለያ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው። ውጫዊው መለያ ሕንፃን ሳይሆን ኩባንያን እንዲያመለክት ከተደረገ፣ በአንድ የፋይበር መረብ ላይ ብዙ አቅራቢዎች ሊያገለግሉ ይችላሉ። ነዋሪው ኩባንያ ሲቀይር ግድግዳ አይበሳም፤ የሚቀየረው ቁጥር ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የብሮድባንድ መረብ ለችርቻሮ ኩባንያዎች አቅም የሚሸጠው ከዚህ በሚቀራረብ አሠራር ነው፤ ውጫዊው መለያ ኩባንያው የገዛውን የጋራ አቅም፣ ውስጣዊው የደንበኛውን ቤት ያመለክታል።

የዋጋው ጉዳይ ደግሞ ቀላል አይደለም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በወር እስከ 30 ዶላር ይደጉም የነበረው የፌዴራል ፕሮግራም እ.አ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2024 ገንዘቡ አልቆ ሲቆም፣ 23 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች ተመዝግበውበት ነበር። ድጎማ ሲቀር ዋጋ የሚያወርደው ፉክክር ነው፤ ፉክክርም በሕንፃው ውስጥ ባለው መስመር አደረጃጀት ላይ ይንጠለጠላል።

በኢትዮጵያም ጥያቄው እየቀረበ ነው። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የቴሌኮም ዘርፉን ለውድድር ከፍቷል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2022 ሥራ ጀምሯል። በአዲስ አበባ በየአቅጣጫው በቆሙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ፋይበር ሲዘረጋ፣ ኩባንያ በመጣ ቁጥር ሌላ ገመድ ይጎተት ወይስ አንዱ መስመር ለሁሉም ያገልግል የሚለው ውሳኔ፣ በነዋሪው ኪስ ላይ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ነው።

የራስዎን ራውተር ሲገዙ

አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ሁለቱንም መለያ አያያቸውም፤ የአቅራቢው መሣሪያ ለጥፎ የአቅራቢው መሣሪያ ያነሣዋል። ነገር ግን የኪራይ ራውተሩን መልሰው የራስዎን ለመጠቀም ካሰቡ አራት ጥያቄዎችን አስቀድመው ይጠይቁ፦ የቪላን ቁጥር መሙላት ያስፈልጋል ወይ? የሚያስፈልግ ከሆነ ስንት ነው? የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አለ ወይ? የመልእክቱ መጠን 1,500 ነው ወይስ 1,492? የግድግዳዋን ሣጥን መለያ ቁጥርም ጽፈው ይያዙ፤ ብልሽት ሲያመለክቱ የቤትዎን መስመር በቶሎ ለማግኘት ይረዳል።

ቤት ሲለቁ አገልግሎቱን በስምዎ ያዘጉ፤ ማረጋገጫውንም ያስቀምጡ። አዲስ ቤት ሲገቡም ያገኙት ፍጥነት ከውሉ በታች ከሆነ፣ ወይም የማያውቁት መሣሪያ በመረብዎ ላይ ከታየ፣ «መስመሬ ከሌላ ቤት ጋር አልተምታታም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጠያቂው የቃላቱን ሁሉ ትርጉም ባያውቅ እንኳ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ባለሙያ ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል፤ ሁለቱን ቁጥሮች።